ባላባቱ ማን ነው?

ጁን 2023 ላይ የሬዲት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ስቲቭ ሃፍማን ከኤንቢሲ ኒውስ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ፣ መድረኩን ያለ ደመወዝ የሚያስተዳድሩትን በጎ ፈቃደኛ አወያዮች ከመሬት ባላባቶች ጋር አመሳሰላቸው። ቀድሞ የደረሰ ቦታ ይይዛል፣ ከያዘ በኋላ የሚያነሳው የለም፣ ሲፈልግም ያወርሳል፤ ይህ ዴሞክራሲ አይደለም። የሰውየው ነገር ሲጠቃለል ይኸው ነው። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለአሜሪካዊ አንባቢ ቃሉ ከድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ የተቀዳ ሽሙጥ ነው። እኛ ግን ጭሰኛ የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ በፊት ከአያቶቻችን አፍ የሰማን ሰዎች ነን። ባላባት ሳያርስ የሚበላ ነው። ጭሰኛ ደግሞ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ፣ አጭዶ እህሉ አውድማ ላይ ሲደርስ ድርሻውን ሌላ ሰው የሚቆርጥለት ነው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ስንመዝን፣ ሌሊት ተነስቶ ስድብና ማጭበርበሪያ ሲጠርግ የሚያድረውና አንድ ሳንቲም የማይከፈለው ሰው ነው ባላባት? ወይስ ያ ሰው የጠረገውን ሜዳ ለማስታወቂያ የሚያከራየው?

ይህን የምጽፈው ስለ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ለማልቀስ አይደለም። ዜናው አርጅቷል የሚል ካለ ልክ ነው፤ ዜናው አርጅቷል፣ ክርክሩ ግን በየወሩ አዲስ ነው። አንድ መድረክ ተጠቃሚዎቹን የሚያስከፋ ውሳኔ ባሳለፈ ቁጥር፣ በተለይ እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች መካከል አንድ ብልህ ነኝ ባይ ይነሳና «ነፃ አገልግሎት ነው፤ ቤቱ የሰውየው ነው፤ ካልተመቸህ ውጣ» ይላል። ይህ ንግግር ሦስት ውሸት አለበት። አገልግሎቱ ነፃ አይደለም። ቤቱ የሰውየው ብቻ አይደለም። መውጣትም፣ የሠሩትን ይዞ መውጣት ማለት ከሆነ፣ አይቻልም። የሬዲትን ታሪክ የመረጥኩት ሦስቱንም በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው።

መስኮቱ ሲዘጋ

ሬዲትን ስቲቭ ሃፍማንና አሌክሲስ ኦሃኒያን በ2005 መሠረቱት። ሰው በየፍላጎቱ ተከፋፍሎ የሚወያይበት ቦታ ነው። አንዱ ክፍል ታሪክ ይጠየቅበታል፣ ሌላው ስለ ጓሮ አትክልት ያወራል፣ ሌላው ዓይነ ስውራን እርስ በርስ የሚመካከሩበት ነው። ክፍሉን የሚከፍተው፣ ደንቡን የሚያወጣው፣ ቆሻሻውን የሚጠርገው ኩባንያው አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። እኔም በትምህርት ቤት ያላገኘሁትን ብዙ ነገር ከእነዚህ ሰዎች ተምሬያለሁ። ፕሮግራም አልሠራ ያለው ሰው ጉግል ላይ ጥያቄውን ጽፎ መጨረሻው ላይ «ሬዲት» የምትል ቃል ለምን እንደሚጨምር የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ማስታወቂያ ሊሸጥልህ ያልተቀመጠ፣ ያንኑ ችግር ያየ ሰው መልስ እዚያ አለ።

ኩባንያው ዛሬ የሚታወቅበትን የስልክ አፕ ያወጣው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት ሰው በስልኩ ሬዲትን የሚያነበው በአብዛኛው የውጭ ሰዎች በሠሯቸው አፖች ነበር። እነዚህ አፖች የሚሠሩት በኤፒአይ በኩል ነው። ኤፒአይ ማለት ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት መስኮት ነው። ወደ ሱቁ ሳትገባ በመስኮቱ «ሁለት ሳሙና» እንደምትለው፣ የውጭ አፕም በዚህ መስኮት «የዛሬን ውይይቶች ስጠኝ» ብሎ የሬዲትን ሰርቨር ይጠይቃል። መስኮቱ ለዓመታት በነፃ ክፍት ነበር። አወያዮች ሥራቸውን የሚያቃልሉላቸውን መሣሪያዎች የሠሩት በእሱ ነው። ዓይነ ስውራን ለስክሪን አንባቢ የሚመቹ አፖችን ያገኙት በእሱ ነው።

አፕሪል 2023 ላይ ኩባንያው መስኮቱ የሚከፈልበት እንደሚሆን አስታወቀ። ሜይ 31 ላይ ዋጋው ታወቀ፦ ለ50 ሚሊዮን ጥያቄ 12,000 ዶላር። አፖሎ የተባለውን የአይፎን አፕ ለብቻው የሠራው ካናዳዊው ክርስቲያን ሴሊግ፣ አፑ ባለፈው ወር ብቻ 7 ቢሊዮን ጥያቄ እንደላከ ገለጸ። ሒሳቡን እናንተም መሥራት ትችላላችሁ፤ በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። ሴሊግ ለማነጻጸሪያ ኢምገር ለተባለው የምስል ማከማቻ ለዚያው 50 ሚሊዮን ጥያቄ የሚከፍለውን ጠቀሰ፦ 166 ዶላር። አዲሱ ዋጋ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው። ዋጋው በተነገረና በጀመረ መካከል 30 ቀን ብቻ ነበር። የዓመት ክፍያ አስቀድሞ ለተቀበለ ሰው 30 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ንግድ የሞከረ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ስም ማጥፋት ወረደ። ሴሊግ ኩባንያውን ገንዘብ ካልሰጣችሁኝ ብሎ እንዳስፈራራ ተደርጎ ተወራ። እሱም የስልክ ንግግሩን ቅጂ አወጣው፤ በቅጂው ላይ የኩባንያው ሰው ቃሉን በተሳሳተ መንገድ መረዳቱን አምኖ ይቅርታ ሲጠይቅ ይሰማል። ጁን 12 ላይ ከ8,000 በላይ ክፍሎች በራቸውን ዘጉ። ሃፍማን ለሠራተኞቹ በላከውና ወዲያው ባፈተለከ ማስታወሻ፣ ይህም እንደ ከዚህ ቀደሞቹ ጫጫታዎች ያልፋል አለ። ቀጥሎ ክፍላቸውን ላልከፈቱ አወያዮች፣ ካልከፈታችሁ በሌላ እንተካችኋለን የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው፤ የተነሱም አሉ። አንዳንዶቹ በቀልድ ተዋጉ፤ ትልቁ የፎቶ ክፍል የኮሜዲያኑን የጆን ኦሊቨርን ፎቶ ብቻ እንዲለጠፍ ደነገገ። ጁን 30 ላይ አፖሎ ተዘጋ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ድንኳኑና ግቢው

«ቤቱ የሰውየው ነው» ለሚለው ከዚያ ይልቅ የምናውቀውን ምሳሌ ላምጣ።

አንድ እድር አለ እንበል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ሁሉ በአባላት መዋጮና ጉልበት የተገኘ ነው። ዕቃው የሚቀመጥበት ግቢ ግን የአንድ ሀብታም ጎረቤት ነው። ሰውየው ይመሰገናል፤ ቦታ ሰጥቷል፣ ዘበኛ ቀጥሯል፣ መብራት ይከፍላል። አንድ ቀን በሩን ቆልፎ «ድንኳኑን ለሠርግ ዕቃ አከራዮች አከራይቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ አባል ለለቅሶ ሲፈልገው እኔ በቆረጥኩት ዋጋ ይከፍላል» ቢል ምን እንለዋለን? ግቢው የአንተ ነው እንለዋለን። የዘበኛውንና የመብራቱን እናዋጣ እንለዋለን። ድንኳኑ ግን ያንተ አይደለም።

ሰርቨሩ ግቢው ነው። ኮዱ አጥሩ ነው። በውስጡ ያለው ጽሑፍ፣ መልሱ፣ ምክሩ፣ የዓመታት ውይይቱ ድንኳኑ ነው። ይህ የእኔ ፍልስፍና ብቻ አይደለም፤ የኩባንያው የራሱ የአጠቃቀም ውል የጻፉት ጽሑፍ የእናንተ ነው ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ግን በዓለም ዙሪያ የሚሠራ፣ ክፍያ የሌለበት፣ የማይሻርና ጊዜ የማይገድበው የመጠቀም ፈቃድ ይወስድባችኋል። መሬቱ የአንተ ነው፣ ምርቱን ግን እኔ ለዘላለም በነፃ ልውሰድ እንደማለት ነው።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ሃፍማን ለዋጋው ያቀረበው ትልቁ ምክንያት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያዎች ናቸው። ሬዲት ላይ የተከማቸው ውይይት እጅግ ውድ ነው፣ ሞዴላቸውን የሚያሠለጥኑበት ትላልቆቹ ኩባንያዎች በነፃ ሊወስዱት አይገባም አለ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እውነት ነው፣ ውድ ነው። እውነት ነው፣ ሌላው የለፋበትን ሀብት በነፃ ወስዶ መክበር ነውር ነው። ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አንድ እርምጃ ወደፊት እንግፋው። ውድ የሆነውን ነገር ማን ጻፈው? ሃፍማን ለጉግል የተናገረውን ያንኑ ቃል፣ አንድ ቃል ሳይቀይር፣ ጻፊዎቹ ለሃፍማን ሊናገሩት ይችላሉ። ሌላው የለፋበትን በነፃ ወስደህ ልትከብርበት አይገባም። ሰውየው መርሁን ያገኘው እሱ ራሱ ተበዳይ በሆነበት ቀን ነው፤ በዳይ በሆነበት ቦታ ላይ ሲደርስ መርሁ ቆመ።

የሚቀርቡት መከላከያዎች

የመጀመሪያው፦ ሰርቨር ገንዘብ ይፈጃል። አዎ ይፈጃል፤ የሰርቨር ወጪን ያየሁ ሰው ነኝ። ግን ማንም አልከፍልም አላለም። ሴሊግ ራሱ ተመጣጣኝ ዋጋ ለመክፈል ዝግጁ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። ከፒያሳ ቦሌ አሥር ሺህ ብር የሚጠይቅ ባለታክሲ ዋጋ እየጨመረ አይደለም፤ አልሄድም እያለ ነው። ይህንኑ ደፍሮ ቢናገር ኖሮ ቢያንስ ሐቀኛ ይባል ነበር። «የውጭ አፖችን አንፈልግም፣ ተጠቃሚው ማስታወቂያ በሚታይበት በራሳችን አፕ ይግባ» ማለት ይቻላል። የንግድ ውሳኔ ነው፣ ይወቀሳል፣ ይታለፋል። በር ዘግቶ «ክፍት ነው፣ ትኬቱ ብቻ ትንሽ ተወደደ» ማለት ግን ሰውን መናቅ ነው።

ለፍትሕ ስል ልጨምር፦ ኩባንያው ለአወያይ መሣሪያዎችና ለንግድ ላልሆኑ የአካል ጉዳተኞች አፖች ነፃ መስኮት ተወ። ግን ያንን የተናገረው ዓይነ ስውራኑ ከጮኹ በኋላ ነው። ዓይነ ስውራን ድረገጹን በምን እንደሚያነቡት ዋጋ ከመቁረጥ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው፦ ኩባንያው በኪሳራ ላይ ነበር፣ መትረፍ ነበረበት። የ2023 ገቢው 804 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ኪሳራው ደግሞ 90.8 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይህን ያወቅነው ወደ አክሲዮን ገበያ ለመግባት ካቀረበው ሰነድ ነው። በዚያው ሰነድ ላይ የሃፍማን የዚያ ዓመት ክፍያ 193 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛው አክሲዮንና የአክሲዮን መብት ነው፣ በእጅ የተቆጠረ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ እሺ። ቢሆንም ለአለቃው ይህን መመደብ የቻለ ድርጅት፣ ብቻውን አፕ የሚሠራ ሰው አከሰረኝ ሲል አፍ አውጥቶ ለመናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ሦስተኛው፦ ጫጫታው የጥቂቶች ነው፤ አብዛኛው ተጠቃሚ ግድም አልሰጠው። ይህም እውነት ነው። የእድር ነገር ግን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንኳን የሚተክሉት ሁልጊዜ እነዚያው ስምንት አሥር ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ለቅሶ ደራሽ ነው፣ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ስምንቱ ሲቀሩ ሁለት መቶው ወዲያው አያውቅም። የሚያውቀው ዝናብ ሲመጣ ነው።

አራተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፦ አወያዮቹም እኮ አምባገነን ናቸው። ይህን አልክድም። ትንሽ ሥልጣን አግኝቶ ሰው የሚያሳድድ፣ ያልወደደውን ጽሑፍ የሚያጠፋ አወያይ በየመድረኩ አለ። ሃፍማን አወያዮችን ተጠቃሚዎች በድምፅ ሊያነሷቸው ይገባል ብሎ ነበር፤ ሐሳቡ በራሱ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ጊዜውን ተመልከቱ። አንድ አሠሪ የሠራተኞቹን መሪዎች ዴሞክራሲያዊ አይደላችሁም ብሎ የሚከሳቸው አድማ በመቱበት ሳምንት ከሆነ፣ ስለ ዴሞክራሲ እያወራ አይደለም። ሴፕቴምበር 2024 ላይ የመጣው ደንብ ነገሩን ግልጽ አደረገው፦ ከእንግዲህ አንድን ክፍል ከክፍት ወደ ዝግ ለመቀየር አወያዮች የኩባንያውን ፈቃድ መጠየቅ አለባቸው። አድማው የተመታበት ቁልፍ ከእጃቸው ወጣ። የሬዲት ዴሞክራሲ በዚህ ተጠናቀቀ።

አምስተኛው፦ ተሳካለት እኮ! ተሳክቶለታል። ፌብሩወሪ 2024 ላይ ከጉግል ጋር በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል የተባለ የመረጃ ሽያጭ ውል ይፋ ሆነ። በገበያ ሰነዱ ላይ እንዲህ ያሉ ውሎች በድምሩ 203 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያወጡ ተጻፈ። ማርች 21 አክሲዮኑ በ34 ዶላር ኒው ዮርክ ገበያ ገብቶ በዚያው ዕለት ከ50 ዶላር በላይ ዘጋ። ሜይ ላይ ከኦፕንኤአይ ጋር ሌላ ውል መጣ። አወያዮችስ? በመጀመሪያው ዋጋ አክሲዮን እንዲገዙ ዕድል ተሰጣቸው። እንዲገዙ ነው። ያዋጡበትን ድንኳን ቁራጭ በገዛ ገንዘባቸው እንዲገዙ ተጋበዙ።

ትርፍ ማግኘት ትክክል መሆንን የሚያስረዳ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ የተሳሳተ ባላባት አይኖርም ነበር። ጎተራው ሙሉ ነበር እኮ።

ለምን ተሸነፉ

የተጠቃሚዎቹ ወገን ስለሆንኩ ሽንፈታቸውን አልሸፋፍንም። አድማው የመጀመሪያው ቀን ሳይመሽ የሚያበቃበት ሰዓት ይታወቅ ነበር፤ ለ48 ሰዓት ነው የተጠራው። ለባለቤቱ የሁለት ቀን ኪሳራ መቁጠር ምንም አይደለም። ከሁለት ቀን በላይ የቀጠሉት ደግሞ ተነጣጥለው ተመቱ።

ጠለቅ ያለው ምክንያት ግን የሚሄዱበት አለመኖሩ ነው። በ2010 ዲግ የተባለው መድረክ ተጠቃሚዎቹን ንቆ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሲቀይርባቸው፣ ሰዎቹ የዲግን የፊት ገጽ በሬዲት ሊንኮች አጥለቅልቀው ጠቅልለው ወጡ። የገቡት ሬዲት ነው። ዲግ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙና ድረገጹ በ500,000 ዶላር ገደማ እንደተሸጠ ተዘገበ። ሬዲት ያደገው በከፊል ከዚህ የተጠቃሚ ስደት ነው። የስደተኛን ዋጋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለዚህም ይመስላል የእሱ ሰዎች ተመሳሳይ መንገድ እንዳያገኙ የጠነቀቀው።

በ2010 ሰዎቹ ጥለውት የሄዱት የዜና ሊንክ ነበር፤ ሊንክ የትም ይገኛል። በ2023 ጥሎ መሄድ ማለት የአሥርና የአሥራ አምስት ዓመት እውቀት ጥሎ መሄድ ማለት ሆነ። ለምን ይዘውት አይሄዱም? እዚህ ላይ በሙያዬ የማውቀውን ልናገር። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከ2018 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የራሱን መረጃ ከአንድ መድረክ አውጥቶ ወደ ሌላ የመውሰድ መብት ሰጥቷል። ጥሩ መብት ነው። ግን የሚሰጠው ለግለሰብ ነው። መረጃዬን ጠይቄ ሲመጣልኝ የሚደርሰኝ የእኔ መልስ ነው፤ የመለስኩለት ጥያቄ የሌላ ሰው ስለሆነ አይመጣም። ከእኔ በታች «ይህ አይሠራም፣ እንዲህ አድርጉት» ብሎ ያረመኝም አይመጣም። በእጄ የሚቀረው የግማሽ ንግግር ክምር ነው፤ ስልክ የሚያወራን ሰው ከዚህ ወገን ብቻ ሆኖ እንደመስማት። ውይይት የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ የጋራ ነው። ሕጉ ደግሞ የጋራ የሚባል ባለቤት አያውቅም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ሰተት ብሎ የሚገባው የሰርቨሩ ባለቤት ነው።

ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ይኸው ነገር በባሰ መልኩ ታየ። ሜይ 2024 ላይ መድረኩ ከኦፕንኤአይ ጋር መዋዋሉን ሲያስታውቅ፣ የተከፉ ሰዎች የራሳቸውን መልስ ማጥፋትና መቀየር ጀመሩ። የጠፋው ተመለሰ፣ አጥፊዎቹ ታገዱ። ይዘህ መውጣት አትችልም፤ ትተህ ስትወጣም ማቃጠል አትችልም። በማቃጠሉ እኔም አልስማማም፤ ነገ የሚፈልገው ሌላ ልጅ አለ። ግን «ካልተመቸህ ውጣ» የሚለው ሰው በሩ በየት በኩል እንደሆነ ያሳየኝ።

መሬቱ ለማን?

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ወጣ። ባላባቱ ሄደ። መሬቱ የሕዝብ ተባለ፣ በተግባር ግን የመንግሥት ሆነ፤ ገበሬው ዛሬም መሬቱን መሸጥ አይችልም። ይህን ታሪክ የማነሳው መፍትሔው ባለቤት መቀየር ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ስላሉ ነው። ኩባንያውን መንግሥት ይውረሰው፣ ወይም ደግ ቢሊየነር ይግዛው ይላሉ። ትዊተር በ2022 ባለቤት ቀየረ፤ በጥቂት ወር ውስጥ፣ ጃንዋሪ 2023 ላይ፣ የውጭ አፖች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተቆረጡ። ሃፍማን በዚያው በባላባቱ ቃለ ምልልስ ላይ ኢሎን መስክ ትዊተርን ያስተዳደረበትን መንገድ በአድናቆት ነው ያነሳው። ባላባት ከባላባት ይማራል።

እኔ የምጠይቀው ግቢውን አይደለም። ግቢውን ያቆዩት፣ ማስታወቂያም ይስቀሉበት፣ ያትርፉም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰው ሥራውን የመሠረተበት መስኮት ሲዘጋ ወይም ዋጋው ሲቀየር በቂ ጊዜ ይሰጥ፤ ቤት አከራይ እንኳ ተከራዩን በአንድ ወር ሲያስወጣ እናዝናለን። ሁለተኛ፣ አንድ ማኅበረሰብ ለመሄድ ሲወስን መዝገቡን ሙሉውን፣ ጥያቄውን ከነመልሱ፣ ገልብጦ የመውሰድ መብት ይኑረው። በቴክኒክ ይቻላል፤ የሚያሠለጥኑት ሞዴል ላላቸው ኩባንያዎች ይኸው ሙሉ መዝገብ በየጊዜው እየተላከላቸው ነው። ለገዢው የሚቻለው ለጻፊው አይቻልም የሚለኝን መሐንዲስ አላምነውም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ ሲሸጥ ከሽያጩ የተወሰነው ጽሑፉ ወደተጻፈበት ማኅበረሰብ ይመለስ፤ ቢያንስ ለሚያስተዳድሩት። የእኩል አራሽ እንኳ እኩሌታውን ያገኝ ነበር። እነዚህ ሲሶም የላቸውም።

እኛንስ ምን አገባን? አገባን። የአማርኛ የኢንተርኔት ሕይወት ዛሬ በአብዛኛው የሚኖረው በሰው ግቢ ነው። ተማሪው የፈተና ጥያቄ የሚለዋወጠው፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ስለ ውሃ ፓምፑ የሚመካከረው፣ ጀማሪ ፕሮግራመር ቀድሞት የሄደውን በአማርኛ የሚጠይቀው በቴሌግራም ቡድንና በፌስቡክ ገጽ ነው። እንግሊዝኛ ያለው ሰው አንድ መድረክ ቢዘጋበት ሌላ መቶ መዝገብ አለው። በአማርኛ የተጻፈ የቴክኒክ ምክር ግን ከጠፋ ሌላ ቅጂ የለውም። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ቡድኖች አስተዳዳሪያቸው አንድ ስልክ የያዘ አንድ ልጅ ነው።

ስለዚህ ቡድን የምታስተዳድሩ ሁሉ ሕግ እስኪወጣ አትጠብቁ። ቴሌግራም በኮምፒውተር ሲከፈት የቡድኑን ታሪክ ወደ ፋይል የሚያወጣ ምርጫ አለው፤ አውጡት። በየወሩ አውጡት። ከአባላቱ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ስልክ ቁጥርና የግል ምስጢር ያለበትን ለዩ፣ ጠቃሚውን ጥያቄና መልስ ሰው በሚያገኘው ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ቁልፉን ሁለት ሦስት ሰው ይያዘው። የእድር መዝገብ በአንድ ሰው ቤት ብቻ አይቀመጥም።

ሃፍማን ጫጫታው ያልፋል ብሎ ነበር፤ አለፈ። የሚቀጥለውም መድረክ የሚቀጥለውን ዋጋ ሲቆርጥ ያልፋል ይላል፤ ይህን ለማለት የሚያስችለው ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን እንደማይሄዱ፣ ይዘው ለመሄድም እንደማይችሉ ማወቁ ነው። እህሉን አስቀድሞ በራሱ ጎተራ የከተተ አራሽ ፊት ግን ባላባት እንዲህ አይናገርም።